የድሮ አርቪ የቲቪ ቡፌ እንዴት ይታደሳል፦ መብራት ከማጥፋት እስከ መጨረሻው ብሎን

የድሮ አርቪ፣ ማለትም ውስጡ መኝታና ኩሽና ያለው የጉዞ መኪና፣ የገዛችሁ ታውቁታላችሁ፣ ገና በሩን ከፍታችሁ ስትገቡ ከፊት ወንበሮቹ በላይ ያ ቡናማ ሳጥን አፍጦ ይጠብቃችኋል። ውስጡ ጀርባው እንደ ጉብታ ያበጠ የድሮ ቲቪ፣ ከአጠገቡ ቪዲዮ ካሴት ማጫወቻ የነበረበት ጠባብ መደርደሪያ፣ ከጎን ደሞ አንድ ቁልፍና ትንሽ መብራት ያለው ምን እንደሚሰራ የማይገባ ፕሌት። የኛ የ2001 (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምቆጥረው) ክላስ ሲ ነው፣ ያው ከሹፌሩ ጣራ በላይ ወደፊት የወጣ አፍንጫ ያለው ዓይነት፣ ቲቪው 27 ኢንች ነበር፣ 40 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል። ከዴንቨር ወደ ተራራው ስንወጣ በያንዳንዱ ጉድጓድ ሳጥኑ ሲንቋቋ እሰማለሁ፣ ከሥሩ የምትቀመጠው ደሞ ባለቤቴ ናት። ማደስ የጀመርኩት ለውበቱ ብዬ አይደለም፣ ያ ክብደት እሷ ጭንቅላት ላይ እንዲሆን ስላልፈለኩ ነው።

ቤት ውስጥ ያለ ቡፌ አንዴ ከቆመ ቆመ ነው። ይሄኛው ግን በሰዓት 65 ማይል የሚሄድ ቡፌ ነው፣ ስለዚ ከታች የምነግራችሁን በሙሉ በአንድ ጥያቄ እያያችሁ አንብቡት፦ ይሄ ነገር መንገድ ላይ ሲንገጫገጭ በምን ተይዞ ይቀራል? ለጥያቄው መልስ የሌለው ነገር እዛ ሳጥን ላይ መግባት የለበትም።

ሙሉውን አትንቀሉት

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ሳጥኑን ከነግድግዳው አውጥቶ ከዜሮ መስራት ነው። እኔ አልመክርም። የአርቪ ፋብሪካ ብዙ ጊዜ ካቢኔቱን የሚያስረው ከጀርባ በኩል ነው፣ ማለትም የውጪው ቆዳ ከመልበሱ በፊት ከውጭ ወደ ውስጥ ቪቴ ይመታበታል፣ ስለዚ እናንተ ከውስጥ ሆናችሁ የቪቴውን ጭንቅላት መቼም አታገኙትም። ደሞ ከፊት ያለው ሳጥን ጣራውንና የጎን ግድግዳውን አያይዞ የሚይዝበት ጊዜ አለ፣ ነቅላችሁት ጣራው ትንሽ ቢሰምጥ ሌላ ሥራ ገዛችሁ ማለት ነው። የሳጥኑን አጥንት እንዳለ ትታችሁ ፊቱን ብቻ ቀይሩ፣ የድሮው ቲቪ ይዞት የነበረው ጥልቀት ደሞ ጥሩ ዕቃ ማስቀመጫ ይሆናችኋል። የኔ ቀዳዳ 29 ኢንች በ24 ኢንች ነው፣ ወደ ውስጥ 22 ኢንች ይገባል። 22 ኢንች ጥልቀት አርቪ ውስጥ ትልቅ ሀብት ነው፣ አሁን የልጆቹ ብርድልብስ በሙሉ እዛ ገብቷል።

መብራቱን ሦስቱንም ቦታ አጥፉ

አርቪ ውስጥ ሁለት ዓይነት መብራት አለ፣ ከውጭ ስትሰኩ የሚመጣው 120 ቮልትና ከባትሪው የሚመጣው 12 ቮልት። የውጪውን ገመድ ንቀሉ፣ የባትሪውን ኔጋቲቭ አውልቁ፣ ጄኔሬተርና ኢንቨርተር (የባትሪውን 12 ቮልት ወደ 120 የሚቀይረው) ካላችሁ እነሱንም አጥፉ። ኢንቨርተሩን ብዙ ሰው ይረሳዋል፣ ገመዱ ተነቅሎ እያለ ሶኬቱ ላይ 120 ቮልት ሊኖር የሚችለው በሱ ነው። ከዛም በቴስተር አረጋግጡ፣ ጠፍቷል ብሎ ማሰብ ብቻ አይበቃም።

የሽቦው ቀለም ላይ ደሞ ቆም በሉ። የቤት መብራት የምትሰሩ ጥቁሩን ፌዝ ነጩን ኒውትራል ብላችሁ ታውቁታላችሁ፣ መኪና የምትሰሩ ደሞ ጥቁር ማለት ኔጋቲቭ ነው። አርቪ ላይ የ12 ቮልቱ መስመር ብዙ ጊዜ ነጩ ኔጋቲቭ ጥቁሩ ፖዘቲቭ ነው! ማለትም የመኪናውን ልማድ ይዛችሁ ከገባችሁ ገልብጣችሁ ታስራላችሁ፣ የቤቱን ልማድ ይዛችሁ ከገባችሁ ደሞ 12ቱን እንደ 120 ትቆጥሩታላችሁ፣ ሁለቱ ሽቦዎች ደሞ አንድ ሳጥን ውስጥ ጎን ለጎን ነው ያሉት። እኔ ምንም ሳልፈታ በፊት በወረቀት ፕላስተር እያንዳንዷ ላይ ከየት እንደመጣችና ስንት ቮልት እንደሆነች ጻፍኩባት፣ ፎቶም አነሳሁ።

የድሮውን ቲቪ ማውረድ

ዙሪያውን ያለውን ክፈፍ ስትፈቱ አብዛኛው ቪቴ ባለ አራት ማዕዘን ቀዳዳ ነው፣ 2 ቁጥር ካሬ ቢት ያስፈልጋችኋል፣ በመስቀሉ ካቻቢቴ ከታገላችሁ የቪቴውን ቀዳዳ በልታችሁ ታበላሹታላችሁ። ቲቪው ራሱ በላሜራ ቀበቶ ወይ ከሥር በሚገባ ብሎን ታስሮ ይሆናል። ብቻችሁን አታውርዱት። የነዚህ ቲቪዎች ክብደት በአብዛኛው ወደ መስታወቱ ነው፣ ከሳጥኑ ጫፍ ሲያልፍ ባንዴ ወደ እናንተ ይደፋል፣ ስለዚ አንድ ሰው ከፊት መስታወቱን ደረቱ ላይ አስደግፎ ሌላው ከጎን ይያዝ፣ ከሥር ደሞ የሶፋውን ፍራሽ ደርድሩ።

ጀርባውን ግን እንዳትከፍቱት፣ ተነቅሎ ቆይቶም ቢሆን ውስጡ ሰው የሚመታ ከፍተኛ ቮልቴጅ ሊይዝ ይችላል። ቆሻሻ ገንዳም ውስጥ አይጣልም፣ መስታወቱ ውስጥ እርሳስ አለ፣ እኛ ያለንበት ኮሎራዶ ከ2013 ጀምሮ በሕግ ተከልክሏል። የከተማችሁን የኤሌክትሮኒክስ መሰብሰቢያ ጠይቁ፣ ለነዚህ ቲቪዎች ትንሽ ሊያስከፍሏችሁ ይችላሉ። "ይሰራል እኮ፣ ልተወው" ለምትሉ ደሞ፣ አሜሪካ ውስጥ ትላልቆቹ ጣቢያዎች አናሎግ ስርጭታቸውን ሰኔ 2009 ላይ ዘግተዋል፣ ያ ቲቪ መቀየሪያ ሳጥን ካልተጨመረለት ከአንቴና ምንም አይስብም።

አሁን ባዶውን ሳጥን በእጃችሁ ዳስሱ

ከሥራው ሁሉ ይሄን ክፍል ነው በጣም የማከብረው። ቲቪው ሲወጣ ምናልባት ለ20 ዓመት ሰው ያላየው ግድግዳ ይከፈታል። ክላስ ሲ ላይ ውሃ በብዛት የሚገባው በዚህ አፍንጫ በኩል ነው፣ ከፊት ያለው መስኮት፣ ከላይ የተደረደሩት ትንንሽ ብርቱካናማ መብራቶች፣ ጣራውና ፊቱ የሚገናኙበት መስመር፣ ሁሉም በሰላም ጊዜ ደረቅ ይመስላሉ። በባትሪ መብራት ጥግ ጥጉን እዩ፣ ቡናማ ክብ ምልክት፣ የተነሳ ወረቀት፣ የዛገ ስቴፕል፣ የሻጋታ ሽታ ካለ ውሃ ነበረ ወይ አለ ማለት ነው። ካቻቢቴ ይዛችሁ ሞራሌውን ጫን ጫን አድርጉት፣ ጤነኛ እንጨት እምቢ ይላል፣ የበሰበሰው እንደ ዳቦ ያስገባችኋል። የእርጥበት መለኪያ ብትገዙ ደሞ ይጠቅማችኋል፣ ዋጋው ብዙ አይደለም፣ እንጨቱ ላይ ከ20 ፐርሰንት በላይ ካነበበ መበስበስ የሚችልበት ደረጃ ላይ ነው።

እኔ ጋ በቀኝ በኩል ባለው ጥግ የአንድ ክንድ ያህል ሞራሌ ለስልሶ አገኘሁ። የውሃው መግቢያ ከላይ ካሉት ብርቱካናማ መብራቶች አንዱ ነበር፣ ማሸጊያው ደርቆ ተሰነጣጥቋል። እዚ ጋ ቸኩላችሁ በላዩ ጣውላ እንዳትለብዱበት፣ ውሃው ካልቆመ የሰራችሁት ሁሉ ከሥር ይበሰብሳል። መጀመሪያ ከውጭ ዝጉ፦ መብራቱን ፈትታችሁ የድሮውን ማሸጊያ ልጣችሁ ከሥሩ ቡቲል ቴፕ (እንደ ማስቲካ የሚለጠፍ ማሸጊያ) አድርጋችሁ መልሱ፣ ጣራው ላይ ያለውን መጋጠሚያ ደሞ ለአርቪ ጣራ በተሰራ ማሸጊያ፣ ለምሳሌ ዳይኮር፣ ሙሉት። ተራውን ሲልከን ተዉት፣ አንዴ ከተቀባ በላዩ ሌላ ነገር አልይዝ ይላል፣ ማስለቀቁም መከራ ነው። ከዛ በፋን ለቀናት አድርቁ፣ የላላውን እንጨት እስከ ጤነኛው ድረስ ቆርጣችሁ አውጡ፣ አዲስ ሞራሌ በኮላና በቪቴ ከጎኑ አጣምሩለት። ሻጋታ ካለ ጭምብል አድርጉ። ይሄ ብቻውን ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ፣ አንዱም ቀን አይቆጨኝም።

እንጨት አመራረጥ

የአርቪው ግድግዳ እንደ ወፍራም ካርቶን ነው፣ ሦስት ሚሊሜትር አካባቢ ኮምፔንሳቶ፣ ላዩ ቪኒል ወረቀት፣ ከጀርባው ፎም ወይ ባዶ። እሱ ላይ የተመታ ቪቴ ምንም አይዝም፣ ቤት ውስጥ ለጅፕሰም ግድግዳ የምንጠቀምበት ክንፍ ያለው ማስያዣም መንገዱ እያንቀጠቀጠ ቀዳዳውን ያሰፋዋል። የሚይዝላችሁ ሳጥኑ ፊት ላይ ያለው የጠንካራ እንጨት ክፈፍና ከግድግዳው ውስጥ ያለው ሞራሌ ነው። ሞራሌው የት እንዳለ ለማወቅ ትንሽ ማግኔት ግድግዳው ላይ አንሸራቱ፣ የስቴፕሎቹ መስመር ይነግራችኋል። የአልሙኒየም አጥንት ያላቸው ደሞ አሉ፣ እዛ ላይ ማግኔት አይሰራም፣ ሲያንኳኩት ድምፁ የሚደፈንበትን ፈልጉ። የትም ቦታ ከመብሳታችሁ በፊት ከጀርባው ሽቦ አለመኖሩን እዩ፣ በነዚህ መኪናዎች ግድግዳ ውስጥ ሽቦው እንደ ቤት ቀጥ ብሎ አይወርድም።

ኤምዲኤፍ፣ ማለትም ከእንጨት ብናኝ ተጨምቆ የተሰራውን ጣውላ፣ እንዳትገዙ። ባለ 3/4 ኢንቹ ሙሉ ሉህ ከ90 ፓውንድ በላይ ነው፣ ውሃ ከነካው ደሞ ያብጣል። ባለ 1/2 ኢንች ኮምፔንሳቶ ሙሉው ወደ 40 ፓውንድ ግድም ነው፣ ቪቴም ይይዛል። ግድግዳውን በጣውላ ማልበስ ያማራችሁ ካላችሁ ቀጭኑን ውሰዱ፣ ከላይ የምትጨምሩት እያንዳንዱ ፓውንድ መኪናው ሲዞር እንዲያዘነብል ያደርገዋል።

ቲቪውን የሚሸከመው በር

ያደረኩት እንዲህ ነው፦ ቀዳዳውን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን 31 በ26 ኢንች የሆነ የ1/2 ኢንች ኮምፔንሳቶ በር ቆረጥኩ፣ ቲቪው በሩ ላይ ይታሰራል፣ በሩ ሲከፈት ከኋላው ዕቃ ማስቀመጫው ይገኛል። ባለ 32 ኢንች ቲቪ ወርዱ 28 ኢንች ከምናምን ነው፣ ክብደቱ 10 ፓውንድ አካባቢ፣ በሩና ማሰሪያው ሲደመሩ ጠቅላላው 20 ፓውንድ ግድም። የድሮው ወደ 90 ነበር።

ስትለኩ ውሃ ልክ አትጠቀሙ። አርቪው ራሱ ጎማው ላይ ቆሞ ያዘነበለ ሊሆን ይችላል፣ በውሃ ልክ ያስተካከላችሁት በር ከሳጥኑ ጋ ሲተያይ ጠማማ ይሆናል። ከጣራው መስመርና ከካቢኔቱ ጠርዝ ነው መለካት ያለባችሁ፣ ግራና ቀኙን ለየብቻ ለኩ፣ የኔው በሁለቱ ጎን የ1/4 ኢንች ልዩነት ነበረው።

ማጠፊያው ከላይ ይሁን፣ ረጅሙ የፒያኖ ማጠፊያ የሚባለው ከጫፍ እስከ ጫፍ። ከጎን ካደረጋችሁት መቀርቀሪያው አንድ ቀን ቢከፈት በሩ ከነቲቪው እየተወዛወዘ ሰው ይመታል፣ ከላይ ሲሆን ግን ክብደቱ ራሱ ወደ መዝጋት ይስበዋል። ብዙ ሰው በጋዝ የሚገፋውን ክንድ ይገጥምበታል፣ ሲከፈት ደስ ይላል እውነት ነው፣ ግን አቀማመጡ ትንሽ ከተሳሳተ መንገድ ሙሉ በሩን ሊከፍት የሚገፋ ነገር አስገባችሁ ማለት ነው። እኔ የሚታጠፍ መደገፊያ ብረት ነው ያደረኩት፣ ሥራውን ይሰራል። ከሥር ሁለት መቀርቀሪያ፣ ግራና ቀኝ፣ በማግኔት ብቻ አትተማመኑ።

የማጠፊያው ቪቴዎች የሳጥኑን ክፈፍ ጠንካራ እንጨት መያዝ አለባቸው። የኔ የላይኛው ክፈፍ ቀጭን ስለነበር ከውስጥ በኩል ባለ 1/2 ኢንች ኮምፔንሳቶ በኮላ ደረብኩበት፣ ኮላው አድሮ ከደረቀ በኋላ ነው ቪቴ የመታሁት። ከመምታታችሁ በፊት በቀጭን ድሪል ብሱ፣ አለበለዚያ የደረቀ እንጨት ይሰነጠቃል።

የቲቪውን ማሰሪያ በቪቴ አታስሩት። በሩን አሳልፎ የሚወጣ ብሎን፣ ከኋላ ሰፊ ሮንዴላ፣ ከዛ ውስጡ ፕላስቲክ ያለው የማይላላ ዳዶ። ማሰሪያው ደሞ የማይንቀሳቀሰው ጠፍጣፋ ዓይነት ይሁን፣ ወደፊት የሚዘረጋው ክንድ ያለው መንገድ ላይ ይወዛወዛል። ቲቪው ጀርባ ላይ ያሉት አራት ቀዳዳዎች መሃል ያለውን ርቀት ለኩ፣ 100 በ100 ወይ 200 በ200 ሚሊሜትር ከሆኑት አንዱ ሊሆን ይችላል፣ ማሰሪያውን በሱ ልክ ግዙ። ብሎኑ ቲቪው ውስጥ የሚገባበትን ጥልቀት በእጃችሁ ሞክሩ፣ ከረዘመ ስክሪኑን ከኋላ ይገፋዋል።

ቀለም

በሩን ከመግጠማችሁ በፊት ቀለሙን ጨርሱ። የድሮው ካቢኔት ላይ የምታዩት እንጨት የሚመስለው ነገር ብዙ ጊዜ ቪኒል ወረቀት ነው፣ እሱ ላይ የ20 ዓመት የምግብ ዘይት አለ፣ እኛ ደሞ ቡና ስንቆላ ጭሱ ቀጥታ ወደዛው ነው። ቅባት በሚያስለቅቅ ሳሙና ሁለቴ እጠቡ፣ ሲደርቅ በ220 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ማብረቅረቁ እስኪጠፋ ብቻ ዳበስ ዳበስ አድርጉት፣ ከጫናችሁ ቪኒሉ ይቀደዳል። የተነሳውን ጠርዝ በኮላ መልሱ፣ የቪቴ ቀዳዳውን በስቱኮ ድፈኑ።

ፕራይመሩ፣ ማለትም ከቀለሙ በፊት የሚቀባው፣ ሼላክ የሚባለው ሙጫ ያለበት ቢሆን ይሻላል፣ ለስላሳ ነገር ላይ ይይዛል፣ የውሃ ምልክትም ወደ ላይ እንዳይወጣ ያግዳል። ግን አልኮል ስላለበት ተቀጣጣይ ነው፣ አርቪ ውስጥ ደሞ በጋዝ የሚሰራ ፍሪጅና የውሃ ማሞቂያ እሳት አለ፣ ስለዚ የጋዙን ሲሊንደር ሙሉ በሙሉ ዝጉ፣ መስኮት ክፈቱ፣ ይሄን እባካችሁ እንዳትዘሉት። ከዛ በትንሽ የስፖንጅ ሩሎ ሁለት ቀጭን እጅ ቀለም። በማግስቱ ደርቆ ይታያል ግን ገና ለስላሳ ነው፣ በሩን ቶሎ ከዘጋችሁት ክፈፉ ላይ ይጣበቃል፣ ቢያንስ ሳምንት ስጡት።

ሽቦውን መመለስ

ያ ቁልፍና መብራት ያለው ፕሌት የአንቴናው ቡስተር፣ ማለትም ሲግናሉን የሚያጠነክረው፣ ነው። በአንቴናው ገመድ ውስጥ 12 ቮልት ወደ ጣራው ይልካል፣ ስለዚ ያን ገመድ መብራት ሳይጠፋ እንዳትቆርጡት፣ ተራ ማከፋፈያም በፕሌቱና በአንቴናው መሃል አታስገቡ። ከአየር ላይ ቻናል ስትፈልጉ መብራቱ ይብራ፣ የካምፑን ኬብል ስትጠቀሙ ይጥፋ፣ በቃ ይሄው ነው ሚስጥሩ። እኔ ፕሌቱን ከበሩ ጎን አወጣሁት፣ ዕቃው ጀርባ ቢቀር ማንም አይደርስበትም ነበር።

ባትሪ ላይ ለምትውሉ በ12 ቮልት የሚሰራ ቲቪ ጥሩ ነው፣ ወደ 3 እና 4 አምፕ ይወስዳል፣ በራሱ ፊውዝ እሰሩት። የቤት ቲቪ ሆኖ ከውጭ ባለ 12 ቮልት አዳፕተር ያለው አይታችሁ ቀጥታ ባትሪው ላይ እንዳታስሩት፣ የአርቪ ባትሪ ሲሞላ ከ14 ቮልት በላይ ይወጣል፣ መሃል ላይ ቮልቴጅ የሚያስተካክል ነገር ያስፈልጋል። የ120 ቮልት ሽቦ ከቀጠላችሁ ቅጥሉ ክዳን ባለው የመገጣጠሚያ ሳጥን ውስጥ ይሁን፣ በቴፕ ጠቅልሎ ብርድልብስ ጀርባ መተው እሳት ነው። ወደ በሩ የሚሄዱትን ገመዶች በማጠፊያው በኩል አምጧቸው፣ በሩ ሲከፈት እንዳይወጠሩ ትርፍ ተዉላቸው። ከሥርና ከላይ የአየር ቀዳዳም ብሱ፣ ቲቪው ሙቀቱን ይተንፍስበት።

ቡፌያቸው ወለል ላይ የሆነ ሰዎች እሳት የሚመስል የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ማስገባት ትወዳላችሁ፣ ያምራል። 1500 ዋት ከሆነ ግን 12.5 አምፕ ይበላል፣ አርቪያችሁ ባለ 30 አምፕ ከሆነ ከኤሲው ወይ ከማይክሮዌቩ ጋ አብሮ ብሬከር ይጥላል፣ በ12 ቮልቱ ባትሪ ማሞቅ ደሞ አይታሰብ። ከኋላው የጋዝ ማሞቂያው የአየር ቱቦ የሚያልፍ ከሆነም እንዳትዘጉት።

ሚዛንና የመጀመሪያው ጉዞ

ስትጨርሱ መኪናውን ትራክ ስቶፕ ያለው ካት ስኬል የሚባለው የትራክ ሚዛን ላይ መዝኑት፣ ትራክ የምትነዱ ወንድሞቼና እህቶቼ ታውቁታላችሁ፣ በአክስል በአክስል ለይቶ ይሰጣችኋል፣ በመኪናው በር አካባቢ ካለው የክብደት ተለጣፊ ጋ አስተያዩት። ዕቃ ማስቀመጫው ውስጥ ከባድ ነገር አታስገቡ፣ ብርድልብስ፣ ትራስ፣ የልጆች ጃኬት ብቻ።

ከዛ መጥፎ መንገድ ምረጡና ከሳጥኑ ሥር ሰው ሳይቀመጥ 20 ማይል ያህል ንዱት። መልሳችሁ አቁሙና በሩን ክፈቱ፣ ዳዶዎቹን አንድ ባንድ ንኩ፣ የማጠፊያውን ቪቴዎች ሞክሩ፣ ብሎኖቹ ላይ በእርሳስ መስመር አስምሩባቸው፣ መስመሩ ከዞረ ላልቷል ማለት ነው። እኔ ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላ ከማጠፊያው ሁለት ቪቴ ላልቶ አገኘሁ፣ አውጥቼ ረዘም ባለ ቀየርኩት፣ ከመቶ ማይል በኋላ ደግሜ አየሁት፣ አልተነቃነቀም። አሁን ባለቤቴ ከሥሩ ተቀምጣ እንቅልፍ ይወስዳታል፣ ሳጥኑም አይንቋቋም።